በሬውን ያኖረ ሰርዶ

ሰርዶን አይቶ የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰርዶን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሰው መሬት ላይ ተኝቶ የሚሳብ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ሰርዶ ይመስለዋል። ስለዚህ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሣሩን በደንብ እንተዋወቀው። አንድ በሬ፣ አንድ ገበሬና አንድ የጣሊያን መኮንን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በዚህ ሣር ላይ ተንጠልጥለው ኖረዋልና።

ከደጅ ውጡ። መንገድ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር፣ አውድማ ጠርዝ፣ የትም አለ። ጎንበስ በሉ። መጀመሪያ የምታዩት መሬት ለመሬት የሚሄድ ቀጭን ገመድ ነው። ገመዱ በየሁለት በየሦስት ጣቱ አንጓ አለው፤ ከእያንዳንዱ አንጓ ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ይወጣል። ቅጠሉ አጭር፣ ሹል፣ አመድ የነካው የሚመስል አረንጓዴ ነው። አንዱን ቅጠል ከግንዱ ለቀቅ አድርጋችሁ መጋጠሚያውን ብታዩ፣ አጫጭር ነጭ ፀጉሮች እንደ ጎረምሳ ጢም በረድፍ ቆመዋል። ይህን ፀጉር ሳያዩ ሰርዶን አውቃለሁ ማለት፣ ሰውን በባርኔጣው ብቻ አውቃለሁ እንደ ማለት ነው።

አበባው ከቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ዶሮ እግር ይከፈታል፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ጣት፣ ሁሉም ከአንድ ነጥብ ተነስተው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳጉሳም ጣት አለው፤ የዳጉሳ ጣት ግን ወፍራምና እንደ ጭብጥ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። አክርማም ጣት አለው፤ አክርማ ግን አንድ ቦታ ላይ ተጠቅጥቆ የሚቆም ግትር ነው፣ አይሳብም። የሚሳብ፣ አንጓ በአንጓ ሥር የሚሰድ፣ ጣቱ ቀጭንና የተዘረጋ ከሆነ፣ በቃ ሰርዶ ነው።

ይህም ቢሆን ግማሹ ነው። ዋናው ሰርዶ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ነጭ፣ ቅርፊት የለበሰ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ገመድ። መንገዱ ላይ ድንች ቢያገኝ ድንቹን በስቶ ያልፋል። ቢያኝኩት ይጣፍጣል። በበጋ ላይኛው ደርቆ ገለባ ሲሆን ሰው «ሞተ» ይላል፤ አልሞተም፣ ከታች ሆኖ ክረምቱን ይጠብቃል። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። አህያዋ ሞተች፤ ሰርዶው ምንም አልመሰለውም።

ይህን ሁሉ እንደ መዳፉ ያውቅ የነበረው ሰው ሙላቴ ይባላል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ይኖር ነበር። አባቱ ሲሞት የተወለት ሦስት ጥማድ መሬት ነው፤ ሦስቱም ጥማድ ሰርዶ ነበር። ዘመዶቹ «አባትህ ግጦሽ አወረሰህ» ብለው ሳቁበት። ሙላቴ አልሳቀም። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ መሬቱን ይገለብጣል፤ ሥሩ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሦስት ቀን ይዋል ይላል፤ ከዚያ በመንሽ እያነሳ፣ አፈሩን እያራገፈ፣ ድንጋይ ክምር ላይ ያወጣዋል፤ ሲደርቅ ያቃጥለዋል። ከዚያ እንደገና ያርሳል። በመጨረሻም በባዶ እግሩ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ይሄድበታል። የቀረች አንጓ ካለች እግሩ ይነግረዋል።

ይህን ሃያ ዓመት አደረገ። «ሙላቴ መሬቱን እንደ ሙሽራ ያበጥረዋል» ይሉት ነበር ጎረቤቶቹ። እንዲህ ከሚሉት መካከል አፉ የተባው የድንበር ጎረቤቱ ዘውዱ ነበር። የዘውዱ ማሳ ከሰርዶ ሌላ ጤፍም አልፎ አልፎ ይበቅልበታል። «ሰርዶም የእግዜር ፍጥረት ነው» ይላል ዘውዱ፤ «ደግሞ እኔ ባልዘራውም ይበቅላል። ጤፍ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው?»

ሙላቴና ዘውዱ እየተሰዳደቡ የሚኖሩት በግድ ነበር። ሙላቴ ያለው አንድ በሬ፣ ዘውዱም አንድ በሬ ነው፤ ሁለቱን አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ። የሙላቴ በሬ ዳለቻ ይባላል፣ የዘውዱ ቡላ። ዳለቻን የሙላቴ ሚስት ፈንታነሽ ከጥጃነቱ ጀምራ አተላ እያጠጣች ያሳደገችው ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው ግማሽ ገበሬ ነው፣ መቀናጆ ካገኘ ሙሉ ይሆናል። በሬ የሌለው ግን የሰው መሬት አርሶ የሰው ፊት እያየ ይበላል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

በ1931 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ሳለ፣ ሙላቴ ከጫካ እንጨት ቆርጦ ሲመለስ ፈንታነሽ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኛት።

«ዳለቻን ባንዳዎቹ ወሰዱት» አለችው። «ለካምፑ ሥጋ ነው አሉ።»

«የዘውዱንስ?»

«ቡላን አይተው ሳቁና አለፉት።»

ሙላቴ መደብ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን የተቀመጡት ለልቅሶ ነው ወይስ ለማሰብ?» አለች ፈንታነሽ።

«ለማሰብ።»

«እንግዲያው እየሄዱ ያስቡ። በሬው ተወስዶ ተቀምጦ ያሰበ ሰው የሚደርሰው ለቆዳው ነው።»

ሄደ። ካምፑ ከከተማው ዳር በሽቦ የታጠረ ምሽግ ነው። ከአጥሩ ሥር የየአጥቢያው በሬዎች በወረፋ ታስረዋል፤ ወጥ ቤቱ በየሦስት ቀኑ ከወረፋው ራስ አንድ ይፈታል። ሙላቴ ቆጠረ። ዳለቻ አምስተኛ ነበር። አስተርጓሚው እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ተነገረውና ቁጭ አለ፤ የተቀመጠበትም ቦታ ሕይወቱን ለወጠው።

ከፊቱ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ አንድ ጥማድ የሚሆን የአትክልት ቦታ ነበር። የካምፑ ጣሊያናዊ ሻምበል፣ ካፒታኖው፣ ቲማቲም፣ ሰላጣና ጎመን ተክሎበታል። የከተማው ሰው ይህን ካፒታኖ «ከብቱንም በላ፣ የከብቱንም ቀለብ በላ» እያለ ያማው ነበር። ወታደሮቹ ቦታውን ሦስት ጊዜ በዶማ ቆፍረውታል። ሰርዶን በዶማ መከትከት ማለት መዝራት ማለት ነው፤ አንዱን ሣር አሥር ቦታ ብትቆርጡት አሥር ሣር አገኛችሁ። ስለዚህ ቲማቲሙ በሰርዶ መሀል እንደ ጠፋ መንገደኛ ቆሟል፤ ካፒታኖው ራሱ ተንበርክኮ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ላብ እያጠመቀው ሣሩን ከላይ ከላዩ ይነጫል።

ሙላቴ አየውና ሳቀ። ሊስቅ አስቦ አልነበረም።

አስተርጓሚው በላይነህ በዚያው ቅጽበት ደረሰ። በላይነህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲማር ቆይቶ ትምህርቱን ትቶ ጣሊያንኛ የለመደ ጎልማሳ ነው፤ ሲያስተረጉምም በዜማ ይመስላል፣ አንዱን ቃል ያረዝማል፣ ሌላውን ይውጠዋል።

«አያ ሙላቴ፣ ምን ያስቅዎታል? ካፒታኖው እያየዎት ነው።»

«ሣሩን እየላጨው ነዋ። ጢም በተላጨ ቁጥር እንደሚፋፋ አያውቅም?»

በላይነህ ምን ብሎ እንደተረጎመው አይታወቅም፤ ካፒታኖው ግን አገጩን ዳሰሰ።

ሙላቴ ተነሳ። ከመሬት አንድ ሹል እንጨት አነሳና ከካፒታኖው አጠገብ ተንበረከከ። አንዱን የሰርዶ ገመድ በጣቱ እየተከተለ ሄዶ ወደ ታች የሚገባበትን ቦታ አገኘ። ዙሪያውን በእንጨቱ ፈለፈለ፤ አልጎተተም፣ እየነቀነቀ አባበለው። ከዚያ ሳብ ሲያደርገው ክንድ የሚያህል ነጭ ሥር ሳይበጠስ ወጣ። ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳየው።

ካፒታኖው ሥሩን ተቀብሎ አገላብጦ አየ። ቅጠሉን ከግንዱ ገንጠል አደረገና ፀጉሩን ተመለከተ። ሙላቴ ይህን ሲያይ ተገረመ፤ ይህ ሰው የት ማየት እንዳለበት ያውቃል። ካፒታኖው «ግራሚኛ» አለ፣ ከዚያም ብዙ ነገር ተናገረ።

«ይህ ሣር በአገራቸውም አለ ይላል» አለ በላይነህ። «አባቱ ወይን ያለሙ ነበር። በዚህ ሣር ምክንያት ሲራገሙ ነው የሞቱት ይላል።»

«የእኔም አባት እንዲሁ» አለ ሙላቴ።

«ታዲያ ማጥፋት ትችላለህ ወይ? ስንት ቀን ይፈጅብሃል ይላል።»

«የቀን ሥራ አይደለም። ይህ ተከትክቷል፤ እያንዳንዷ አንጓ ዛሬ ለራሷ ቤት ሠርታለች። ማረስ፣ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ ደግሞ ማረስ ነው። በሬ ይፈልጋል።»

«በሬማ ሞልቷል ይላል። ከአጥሩ ሥር ይምረጡ።»

«ማንኛውም በሬ አይሆንም። የለመደ ጥንድ ነው የሚያስፈልገው። ያ አምስተኛው፣ ዳለቻው፣ የዘውዱን ቡላ ለምዷል።»

ካፒታኖው አሰበና ረጅም ነገር ተናገረ። በላይነህ አሳጠረው፦

«ሣሩ እስኪያልቅ በሬው ያርሳል። ሣሩ ያለቀ ቀን ወደ ወረፋው ይመለሳል። እስከዚያ ማደሪያው ከዚሁ ከአጥሩ ሥር ነው።»

ሙላቴ በማግስቱ ቡላን ነድቶ መጣ፣ ዳለቻን ከወረፋው ፈታ፣ ጠመደ፣ አረሰ። እዚህ ላይ የሆነው ነገር ሙላቴን ለማያውቅ ሰው ሞኝነት ይመስላል። ሰውየው ሃያ ዓመት አንድ ሥራ ሠርቷል። እጁ ሰርዶ ካየ አያልፍም፤ እግሩ አንጓ ከነካ አይረግጥም። ገለበጠ፣ አደረቀ፣ አራገፈ፣ ለቀመ፣ በባዶ እግሩ ሄደበት። በሦስተኛው ሳምንት የካፒታኖው ቦታ እንደ ቤተ ልሔም ወለል ጸዳ። ካፒታኖው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። በዚያው ቀን ወጥ ቤቱ መጥቶ የዳለቻን ሻኛ በእጁ መዘነ፤ ያኔ ነው ሙላቴ ያደረገውን የተረዳው።

«ካፒታኖው ምን አሉ?» አለች ፈንታነሽ ቤት ሲገባ።

«ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፣ ጎበዝ ነህ አለኝ።»

«እውነታቸውን ነው። በሬዎን በገዛ እጅዎ ሲያርዱ ጎበዝ ነዎት።»

«እጄ ነው እኮ። ሰርዶ ካየ አይተውም።»

«ሃያ ዓመት መንቀል ተማረ፤ አሁን መትከል ያስተምሩት።»

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ግን የሚተከለው ከየት ይምጣ? ከካምፑ የነቀለውን አቃጥሎታል። በሙላቴ ሦስት ጥማድ መሬት ላይ ደግሞ አንዲት የሰርዶ አንጓ አልነበረችም። በአገሩ ሰርዶ የሌለው ሰው እርሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ የድንበሩን ድንጋይ ተሻግሮ ዘውዱ ዘንድ ሄደ።

«ዘውዱ፣ አንድ ነገር ልለምንህ መጣሁ።»

«በሬዬን ወስደሃል። ሌላ ምን አለኝ?»

«ሰርዶ።»

ዘውዱ የሚያኝከውን እንጨት ከአፉ አወጣ። «ድገመው እስቲ።»

«ሰርዶ ስጠኝ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ድንጋይ ላይ ቆመህ ‹አንተ ሰነፍ፣ ሰርዶህ ወደ እኔ እየተሳበ ነው› ስትለኝ የኖርክ ሰውዬ፣ ዛሬ ሰርዶ ልትለምን መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ቆይ ሚስቴን ልጥራት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

ሚስቱ መጣች፤ ሙላቴ ልመናውን በእሷም ፊት ደገመው። ዘውዱ አሁንም አልበቃውም። «የዘውዱ ሰርዶ ካገር ሰርዶ ይበልጣል በል» አለው። ሙላቴ አለ። ከዚያ ዘውዱ አንድ ስልቻ ሙሉ፣ ነጭ ነጩን፣ ሥሩ ያልተበጠሰውን መርጦ ሰጠው፤ ደግሞም አሸከመው።

«እንግዲህ ለጣሊያን ሰርዶ የሚዘራ ሰው ምን ይባላል?» አለ ዘውዱ። «ባንዳ ነው አርበኛ?»

«ገበሬ ይባላል።»

አንድ ነገር ብቻ ሙላቴን ያስጨንቀው ነበር። በሰው እርሻ አረም የዘራው ጠላት ታሪክ በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰምቷል፤ ያ ጠላት ማን እንደሆነም ያውቃል። ስለዚህ ለነፍስ አባቱ ለቄስ ደምሴ ሁሉንም ነገራቸው። ቄስ ደምሴ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«ያኛው የዘራው እንክርዳድ ነው» አሉ። «አንተ የምትዘራው ሰርዶ ነው።»

«አዎ አባ።»

«ያኛው ሰዎች ተኝተው ሳለ ነው የዘራው። አንተ መቼ ትዘራለህ?»

«በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኛ እያየኝ።»

«እንግዲያው አትመሳሰሉም። ለማንኛውም አርባ ስገድ። ለሰርዶው አይደለም፤ ሰርዶ ስለሌለህ ስትኮራ ለኖርክበት ነው።»

ሙላቴ ሰገደና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀድሞ ሰርዶን በማጥፋት እንደተጠበበ፣ አሁን ደግሞ በማብቀል ተጠበበ። ግማሽ እውቀት አይወድም ነበር። ባለ አንድ አንጓ ቁራጭ ቀበረ፤ በበጋው ፀሐይ ደረቀ። ባለ አራት አንጓ ቀበረ፤ በቶሎ ወጣ፣ ግን አፈሩን ገፍቶ ታየ። ባለ ሁለት አንጓ፣ ጎኑን አስተኝቶ፣ ሦስት ጣት ጥልቀት ላይ ሲቀብረው፣ ካፒታኖው ቲማቲሙን ውኃ ካጠጣ በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ካፒታኖው ደግሞ ማጠጣት አይረሳም። ሙላቴ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልሞከረም። ሥሩን ቤቱ በማጭድ እኩል እኩል እየቆረጠ፣ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ፣ የወጣውን ሲለቅም ያመጣውን ይተክላል። የለቀመውንም እንደ ድሮው አያቃጥልም፣ ለዳለቻ ይሰጠዋል። ሰርዶው በሬውን አኖረ፣ በሬውም በሰርዶው ወፈረ። ወጥ ቤቱ በየሳምንቱ እየመጣ ሻኛውን ዳስሶ ምራቁን ውጦ ይመለሳል።

ቲማቲሙ በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ቀን አልቀላም። ካፒታኖው ጥፋቱን በሰርዶው ላይ ያላክካል። እውነቱ ግን ብርዱ ነበር፤ ደብረ ታቦር ደጋ ነው፣ ውርጭ ሲወርድ ቲማቲም ቀርቶ ሰውም አይቀላም። ሙላቴ ይህን ያውቃል። የጠየቀው ሰው ስለሌለ አልተናገረም።

እንዲህ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በ1932 ዓ.ም. ሰኔ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲወርዱ፣ ካፒታኖው ሙላቴን ወደ ክፍሉ አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሰርዶ ቁራጮች ተደርድረዋል።

ማረሻ የሰርዶን ሥር ሲቆርጥ ጎትቶ ነው፤ ጫፉ ይተለተላል፣ እንደ አሮጌ ገመድ ጭራ ያወጣል። ማጭድ የቆረጠው ግን እንደ ቅቤ ልስልስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስቱም በሁለቱም ጫፋቸው ልስልስ ነበሩ። ሦስቱም ባለ ሁለት አንጓ ነበሩ። ሦስቱም እኩል ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰርዶውን እንዳገኘ በጣጥሶ ይወረውረው ነበር፣ ማንም አይደርስበትም። ሙላቴን ያጋለጠው ንጽህናው ነው።

በላይነህ ዜማውን ትቶ በደረቁ ተናገረ። «ማረሻ እንዲህ አይቆርጥም ይላል። በአባቱ አገር ሣር ራሱን እየለካ አይበቅልም ይላል። አያ ሙላቴ፣ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።»

ሙላቴ በመስኮቱ በኩል ዳለቻን አየ። ዳለቻ ዝናብ ላይ ቆሞ ያመሰኳል። መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን ቁራጮቹ እዚያ ተቀምጠው፣ በሥራው ላይ መዋሸት አቃተው።

«ሁለት አንጓ ነው» አለ። «አንድ ብቻ ከሆነ ይደርቃል።»

ካፒታኖው ወደ ውጭ ጠቆመ። በግቢው ውስጥ ሁለት የጭነት መኪና ወታደር እየጫነ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን በላይነህም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው።

«አትክልቱን ለአለቆቹ የሙከራ እርሻ ነው ብሏቸዋል፤ በየወሩ ‹ያ እርሻህ ተጠናቀቀ ወይ› ብለው ይጽፉለታል። የተጠናቀቀ ቀን እሱም በዚያ መኪና ወደ ጋይንት፣ ወደ አርበኞቹ ይላካል። ከእሱ በፊት የሄዱት ሁለት ካፒታኖዎች አልተመለሱም።»

«ስለዚህ?» አለ ሙላቴ።

«ስለዚህ... አሁን ክረምት ስለሆነ ሦስት አንጓ አድርገው ይላል።»

ሙላቴ ይህን በኋላ ሲያወራ ካፒታኖውን የሚያመሰግን ሰው ካለ ይቆጣ ነበር። «የራሱን ነፍስ ነው ያተረፈው» ይላል። «ከዳለቻ ፊት በወረፋ የነበሩትን አራት በሬዎች ማን በላቸውና? ሰርዶ የሚያውቅ ሁሉ ደግ ሰው አይደለም።»

ሦስት አንጓው በክረምቱ በስድስት ቀን ወጣ። እንዲህ ሌላ አንድ ዓመት ሞላ። በ1933 ዓ.ም. ሰኔ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አርበኞቹና እንግሊዞች ቀረቡ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ወደ ካምፑ የሚገባ ስንቅ ቆመ። የወረፋው በሬዎች አለቁ። በቅሎዎቹ ተጀመሩ። ሙላቴ ያኔም ማለዳ ማለዳ ቡላን እየነዳ ይመጣ ነበር፤ ከማዶ ኮረብታ ላይ ያሉት አርበኞች አንድ ገበሬ የተከበበ ምሽግ ሥር አትክልት ሲያርስ እያዩ ዕብድ ነው ብለው ትተውት ነበር።

አንድ ጉም የሸፈነው ማለዳ በላይነህ ከአጥሩ በር ላይ ጠበቀው።

«አያ ሙላቴ፣ ከላይ ትእዛዝ መጥቷል። ዛሬ ቀትር ላይ ዳለቻ ይታረዳል። ካፒታኖው ሣሩ አላለቀም ብሎ ተከራከረ፤ ሆድ አይሰማም አሉት።»

«ቡላስ?»

«ቡላን ሲያዩ አሁን አይስቁም። ነገ እሱ ነው።»

ሙላቴ ዳለቻን ከአጥሩ ፈታ። ከቡላ ጋር ጠመደው። እንደ ሁልጊዜው ሞፈርና ቀንበሩን አስተካከለ፣ እርፉን ጨበጠ፣ ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። አንድ ትልም አወጣ። ሁለተኛ አወጣ። ካፒታኖው ቲማቲሙ አጠገብ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ትልም ሙላቴ ከቦታው ጠርዝ ደረሰ፤ በሬዎቹን አላዞረም። ማረሻው ከአትክልቱ ወጥቶ ወደ ሜዳው ገባ።

ዘበኛው ሁለት ዓመት ተኩል ይህን ሰው ሲያርስ አይቶታል፤ የሚያርስ ሰው ሲሸሽ አይቶ ግን አያውቅም። ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። በላይነህ ነው ሮጦ የደረሰበት።

«አያ ሙላቴ፣ ወዴት ነው?»

«ሰርዶው ወደዚህ ሥር ሰዷል» አለ ሙላቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይቆም። «ሥሩን እየተከተልኩ ነው።»

በላይነህ ወደ ካምፑ ዞረ። ካፒታኖው ጀርባውን ሰጥቷቸው ተንበርክኮ አንዱን ያልቀላ ቲማቲም አተኩሮ ይመለከታል። በላይነህ የሙላቴን ቃል ለዘበኛው በጣሊያንኛ ተረጎመለት፤ ከዚያም ጅራፉን ከሙላቴ እጅ ተቀበለ።

«ይህ ሥር ሩቅ ይሄዳል?» አለ።

«ጋፋት ድረስ።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም።»

ትልሙ ሜዳውን አቋርጦ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ወጥ ቤቱ ቀትር ላይ ቢላዋውን ይዞ ሲወጣ ያገኘው አንድ ቀጥ ያለ ትልም ብቻ ነበር፤ ጫፉ ጉሙ ውስጥ ገብቷል።

ፈንታነሽ ማረሻው የገዛ ደጃፏን እያረሰ ሲመጣ አይታ ወጣች።

«ይህን ሁሉ መንገድ ሞፈሩን ሳያነሱ መጡ?»

«ካነሳሁት ይጠረጥሩኛል።»

የዳለቻን ግንባር አሻሸች፣ ከዚያ በላይነህን አየች። «ይህኛውንስ ከየትኛው ወረፋ ፈቱት?»

በዚያው ክረምት ምሽጉ እጁን ሰጠ። ካፒታኖው ከምርኮኞቹ ጋር ተወሰደ። በላይነህ ወደ ዜማው ተመለሰ፤ እስኪሞት ድረስ ግን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ የሌላ ሰው ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ይቆም ነበር። ዳለቻ ከዚያ በኋላ ሌላ ስምንት ዓመት አርሶ በእርጅና ሞተ።

አሁን ሣሩ ዘንድ እንመለስ። በ1934 ዓ.ም. መስከረም ዝናቡ ሲያባራ፣ ከካምፑ እስከ ጋፋት አፋፍ ድረስ አንድ አረንጓዴ መስመር ታየ። ሰርዶ ነበር። በማረሻው ጭቃ ውስጥ፣ በበሬዎቹ ኮቴ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሞፈሩ ላይ ተጠምጥሞ የመጣው ሥር ሁሉ በትልሙ ውስጥ እየተራገፈ፣ ዝናቡን እየጠጣ በቅሏል። መስመሩ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በቀጥታ ሙላቴ ማሳ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሃያ ዓመት ወደ ተበጠረው፣ አንጓ ወደሌለበት ማሳ። ሙላቴ ተንበረከከ። ቅጠሉን ገንጠል አደረገ፣ ፀጉሩን አየ። ጣቶቹን ቆጠረ፤ አራት። ከታች ያለውን በእንጨት ፈለፈለ። ሥሩ ክንድ አልፎ ሄዷል።

ዘውዱ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ቸኩሎ አልተናገረም፤ የሃያ ዓመት ነገር ነውና ቀስ ብሎ ሊያጣጥመው ፈልጓል።

«ሙላቴ» አለ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ሰርዶህ ወደ እኔ እየተሳበ ነው፣ አንተ ሰነፍ።»

ሙላቴ አንዱን ሥር ሳይበጠስ አወጣ።

«ያንን ስልቻዬንስ መቼ ነው የምትመልስልኝ?»

«ና» አለ ሙላቴ፣ ሁለተኛውን ሥር እያባበለ፤ «ከነልጅ ልጁ ውሰድ።»

ዳለቻ በሁለቱ መካከል ገብቶ ጎንበስ አለና መጋጥ ጀመረ።